የነጩ ጥንብ አንሳ መንገድ

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ሲወርዱ፣ ዘነበወርቅን አለፍ እንዳሉ መጀመሪያ ሽታው ይቀበላል፤ ክምሩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ቆሼ ነው፤ የአዲስ አበባ የቆሻሻ ክምር። በኮልፌ ቀራንዮ ያደገ ሰው ቆሼን በሽታው ብቻ ሳይሆን በሰማዩም ያውቀዋል። መኪናው ቆሻሻውን ገልብጦ ሳይጨርስ ጭልፊቱ ከላይ ይወረወራል፤ አባ ኮዳው ረጃጅም እግሩን እያነሣ በዝግታ ይጠጋል፤ ራሱ የተራቆተው ቡናማ ጥንብ አንሳ ከጎን ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ሰው በብረት መቆፈሪያው ፕላስቲክና ቁርጥራጭ ብረት ይለቅማል፤ የለቀመው በነጋዴ እጅ አልፎ እስከ መርካቶው ምናለሽ ተራ ይደርሳል። አሞራው የሚወስደው ምናለሽ ተራም የማይገዛውን ነው።

ይህን ሁሉ ወፍ የከተማው ሰው በአንድ ስም «አሞራ» ብሎ ያልፈዋል። ከነዚህ መካከል ግን በአንዳንድ ቀን ብቻ የሚታይ፣ ከሌሎቹ አነስ የሚል፣ ነጣ ያለ ላባ ያለው አለ። ፊቱ ቢጫ ነው፤ ላባ የለውም። ምንቃሩ ቀጭን ነው። ሲበር የክንፉ ጠርዝ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ቢሆንም ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ሊቃውንቱ የግብፅ ጥንብ አንሳ ይሉታል። አገራችን ውስጥ በገደል ላይ እንቁላል ጥሎ የሚኖር ወገን አለው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ግን ከቡልጋሪያና ከግሪክ፣ ከቱርክና ከካውካሰስ ተራሮች የመጡ ዘመዶቹ ይቀላቀሉታል። መጋቢት ላይ ይመለሳሉ። ይህን መንገዳቸውን ሰው በወጉ ለማወቅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ መንገዱ በታወቀበት ጊዜ ደግሞ መንገደኞቹ እያለቁ ነበር።

ታሪኩ ከግብፅ ይጀምራል። የጥንት ግብፃውያን በሥዕል ይጽፉ በነበረበት ዘመን፣ እኛ «አ» ብለን ከምንጀምርበት ድምፅ ጋር የሚዛመደውን ድምፅ የሚያመለክቱት የዚህን ወፍ ምስል በመሣል ነበር። ደብተራው በየቀኑ ይሥለው ነበር ማለት ነው። ወፉ በጋውን የት እንደሚያሳልፍ ግን የጻፈ የለም። በግሪክ አሪስቶትል አንዳንድ ወፎች ወደ ሞቃት አገር እንደሚሄዱ ቢያውቅም፣ ሌሎቹ ላባቸውን አራግፈው በጉድጓድና በስንጥቅ ውስጥ ተደብቀው ብርዱን እንደሚያሳልፉ ጻፈ። አሪስቶትል የተናገረው ነገር ቶሎ አይነቀልምና ሐሳቡ አውሮፓ ውስጥ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ድረስ ጠበቃ አላጣም።

በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፍሬድሪክ ሃሰልክቪስት የሚባል ስዊድናዊ ወጣት ወደ ግብፅና ወደ ፍልስጤም ሄዶ ያየውን እንስሳና ተክል ሁሉ መዘገበ። ወደ አገሩ ሳይመለስ በሰምርኔስ ሞተ። ማስታወሻው የደረሰው መምህሩ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ወፉን በሳይንስ ስም መዝገቡ ውስጥ አስገባው። «የግብፅ» የሚለው ቅጽል እንዲህ ተለጥፎበት ቀረ። ሃሰልክቪስት ምጽዋ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «የሐበሻ ጥንብ አንሳ» እንለው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ምጽዋ የወረደው ሌላ ሰው ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ደርሶ በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ በዓባይ ምንጭ ፍለጋው ይታወቃል፤ የመጨረሻው ቅጽ ግን ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት ነው። ነጩን ጥንብ አንሳ «ራካማ» ብሎ በዚያ ቅጽ ገልጾታል። ካይሮ ውስጥ እሱን መግደል እንደ ነውር እንደሚቆጠርም ጽፏል፤ ከተማዋን የሚጠርግላት እሱ ነበርና።

ከዚሁ ቅጽ የማይረሳው ግን የሊማሊሞው ወሬ ነው። የብሩስ አሽከሮች ያን አቀበት ወጥተው እንደ ጨረሱ ተራራው ራስ ላይ በሜዳ ተቀምጠው የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ይበላሉ። አንድ ትልቅ ጢማም አሞራ መሬት ለመሬት እየበረረ መጣና ክብ ሠርተው ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ዱብ አለ። ሰዎቹ ጦርና ጋሻቸውን ለማንሣት ተንጫጩ። አሞራው እግሩን ወደ ፈላው ድስት ሰደደ፤ አቃጠለው፤ መለስ አደረገው። ከዚያ ከእንጨቱ ገበታ ላይ አንድ ጭንና አንድ ወርች አንሥቶ በረረ። አህያ ነጂዎቹ ይመለሳል ብለው ለብሩስ አስጠነቀቁት፤ እውነትም ተመለሰ፤ ብሩስም ጠመንጃውን ደግኖ ይጠብቅ ነበርና ገደለው። አስመዝኖ ለካው፦ ክንፉ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ሆነ። ይህ ወፍ የነጩ ጥንብ አንሳ ታላቅ ዘመድ ነው፤ ከአገሩ ንቅንቅ አይልም፤ አጥንት ከከፍታ ወደ ድንጋይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው እሱ ነው። የሰሜን ተራሮችን የጎበኘ አንባቢ ዛሬም ያየዋል።

ብሩስ ነጩን ጥንብ አንሳ በግብፅም በሐበሻም አይቶታል። በሁለቱ አገሮች የሚታየው አንዱ መንገደኛ ወፍ ሊሆን እንደሚችል ግን አልጠረጠረም። ወፎች በእርግጥ አህጉር እንደሚያቋርጡ ለአውሮፓ ሰው በዓይኑ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን፣ በመክለንቡርግ የተገደለ አንድ ሽመላ ነው። አንገቱ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ጦር ተሰክቶ ነበር፤ ጦሩ በአፍሪካ ሰው የተሠራ ነው። ሽመላው አፍሪካ ውስጥ ተወግቶ፣ ጦሩን አንገቱ ላይ ተሸክሞ በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ፣ ጀርመን ሲደርስ በጥይት ሞተ። ዛሬም ከነጦሩ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። የጉድጓዱ ወሬ ከዚያ በኋላ አላንሠራራም።

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ምጽዋ ደረሰ፤ ጎንደርም ከረመ። የሰበሰባቸው ወፎች የአውሮፓን ሙዚየም ሞሉ። በስሙ የተጠሩት ብዙ ናቸው፤ ከነሱ አንዱ አገራችን ጆፌ የሚለው ትልቁ ጥንብ አንሳ ነው። ስለ ጆፌ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ እ.ኤ.አ. በ1973 ኅዳር ወር መጨረሻ ከምዕራብ አፍሪካዋ አቢጃን በላይ አንድ አውሮፕላን በ11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከወፍ ጋር ተጋጨ። ከሞተሩ የተለቀመው ላባ ሲመረመር የጆፌ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ እስከ ዛሬ የለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ወዲያው ክፉ ቀን መጣ። በምጽዋ በኩል ከጣሊያኖች ከብት ጋር ገባ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ ከአሥር ዘጠኙ ሞተ ብለው የጻፉ አሉ። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ረኃቡ ሰዉን ጨረሰው። የዚያን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሜዳው በሬሳ እንደ ተሞላ ይናገሩ ነበር። ያን ሁሉ ሬሳ የቀበረ መንግሥት አልነበረም፤ ለመቅበርም ጉልበት ያለው ሰው አልቀረም። ያነሡት ጅብና አሞራ ናቸው። የጥንብ አንሳ ሆድ ውስጥ ያለው አሲድ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ለሌላው እንስሳ መርዝ የሆነው የበሽታ ተሕዋሲ አብዛኛው እዚያው ይሞታል። በሬሳው የሚዛመቱ ሌሎች በሽታዎች ከዚያ በላይ ያልተባባሱት ለዚህ ይሆናል፤ ማንም አላመሰገናቸውም።

አዲሲቱ ከተማ ራሷም ለብዙ ዓመት የጽዳት ሠራተኛዋ ይኸው ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጡ እንግዶች ሌሊት ጅብ በየሰፈሩ እየዞረ ቆሻሻውን እንደሚጠርግ በመገረም ይጽፋሉ። ቀኑ የአሞራው ፈንታ ነበር።

በዚያው በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል ዴንማርካዊ መምህር ከመቶ ለሚበልጡ ትንንሽ ወፎች እግር ቁጥርና አድራሻ ያለበት ቀጭን የብረት ቀለበት አሠረ። ሥራው ቀላል ነው፦ ወፉን የትም ቦታ ያገኘ ሰው ቁጥሩን አንብቦ ይጽፋል። ወፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ይታወቃል፤ በመካከል የሆነው ግን አይታወቅም። እንዲህ እየተለቀመ በመጣው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ሬጂናልድ ሞሮ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው መጽሐፉ፣ በየዓመቱ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩትን ወፎች አምስት ቢሊዮን ገመታቸው። የኋላ ተመራማሪዎች ግምቱን ከግማሽ በታች አውርደውታል። ቢወርድም የሰሃራን ሰማይ የሚያጨናንቅ ቁጥር ነው።

የቀለበቱ ማስረጃ በዚህ መልክ እየተለቀመ ሳለ ኮልፌ የከተማው ዳርቻ ነበረች። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በምስጢር መጥቶ የወታደር ሥልጠና የወሰደው እዚያ ነው፤ እሱም በሐሰት ስም ድንበር የሚያቋርጥ መንገደኛ ነበር። የከተማው ቄራ በ1949 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ረጲ አካባቢ፣ ዛሬ ቆሼ በምንለው ቦታ፣ መደፋት ጀመረ። ቦታው ያኔ ከሰው የራቀ ነው ተብሎ ነበር። ከሰው የራቀ ግን አልነበረም፦ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት የዘነበወርቅ ሆስፒታል ከጎኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛው አለርት ተቋቋመበት። ድነው ወደ አገራቸው መመለስ ያልቻሉት ወይም ያልፈለጉት እዚያው ቤት ሠሩ፤ ከቆሼ ለቅመው መኖር ከጀመሩት መካከል እነሱ ነበሩበት። ከተማው የገፋው ሰው፣ ከተማው የጣለው ቆሻሻና ከተማው የናቀው አሞራ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ።

በዚያው አሥር ዓመት ስለ ወፎች የሚጽፉ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ተሰባስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤሚል ኧርባን ከሌዝሊ ብራውን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አሳተሙ። በዚያው በ1966 የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዳልና ባለቤቷ ሁጎ ቫን ላዊክ ከታንዛኒያ አንድ ጉድ አሰሙ። ነጩ ጥንብ አንሳ የሰጎን እንቁላል በምንቃሩ መስበር ሲያቅተው ዞር ዞር ብሎ ድንጋይ ይፈልጋል። ክብ የሆነውን ይመርጣል። በምንቃሩ ያነሣውና አንገቱን ወደ ኋላ መዝዞ እንቁላሉ ላይ ይወረውረዋል። ሲስት ይደግማል፤ ሲነቃ ይበላል። መሣሪያ የሚጠቀም እንስሳ በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን «ጥንብ አንሳ» ተብሎ የተናቀው ወፍ ከጦጣው ጎን ተሰለፈ። እንቁላል ባጣበት ደግሞ ትኩስ ፋንድያ ይበላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የስፔን ተመራማሪዎች የፊቱ ቢጫነት የሚመጣው ከዚያው እንደ ሆነ አሳይተዋል። ፊቱ ይበልጥ ቢጫ የሆነው ሚስት ለማግኘት ይበልጥ ዕድል እንዳለውም ይገምታሉ። ምርጫቸው ነው።

ሚስት ካገኘ አይለወጥም። ባልና ሚስቱ በየዓመቱ ወደዚያው ገደል፣ ብዙ ጊዜም ወደዚያው ጎጆ ይመለሳሉ። ሁለት እንቁላል ይጣላል፤ ወላጆቹ እየተፈራረቁ ስድስት ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቱ ለመብረር ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በነሐሴ ከጎጆ የወጣው ቡናማ ቡቃያ መስከረም ላይ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል። አፍሪካ ከደረሰ በኋላ በዚያው ዓመት አይመለስም፤ አንድም ሁለትም ዓመት እኛው ዘንድ ይከርማል፤ እያደገ ይነጣል። ሙሉ ለሙሉ ሲነጣ አምስት ወይም ስድስት ዓመቱ ነው። በሰው እጅ ሲኖር እስከ 37 ዓመት የኖረ አለ። እንዲህ ቀስ ብሎ አድጎ፣ ጥቂት ወልዶ፣ ረጅም የሚኖር ፍጥረት ጎልማሶቹ ከሞቱበት ቶሎ አይተካም።

ጎልማሶቹ መሞት ጀመሩ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፖርት ሱዳን ወደ ባሕሩ ዳርቻ 31 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቶ ነበር። መስመሩ በረሃ ላይ ነው፤ ዛፍ የለም። ከቀይ ባሕር ጠረፍ ጋር ወደ ደቡብ የሚወርደው ጥንብ አንሳ ማረፊያ ሲፈልግ ያገኘው ምሰሶውን ነው። ምሰሶው የብረት ክንድ ነበረው፤ ሽቦው ለክንዱ ቅርብ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ሁለቱን ይነካል፤ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጌርሃርድ ኒኮላውስ የሚባል ተመራማሪ ከምሰሶዎቹ ሥር 50 ያህል ሬሳ ቆጠረ። ጽሑፉ ወጣ፤ መስመሩ ግን ባለበት ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ደግሞ ሁለት እንግሊዛውያን ጅቡቲ ላይ ተቀምጠው ከየመን በባብ ኤል መንደብ የሚሻገሩትን አዳኝ ወፎች ቆጠሩ። ትልልቆቹ ወፎች ክንፍ እያራገቡ ሩቅ አይሄዱም፤ ከምድር በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ወጥተው ይንሳፈፋሉ። ባሕር ላይ ያ አየር የለም። ስለዚህ ባሕሩ የሚጠብበትን ይፈልጋሉ፤ ባብ ኤል መንደብ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ በወጉ አይሞላም። በአንድ ወር ከሳምንት ብቻ ከ240,000 በላይ ተቆጠሩ። ከነዚህ ከ70,000 የሚበልጡት ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳዎች የሚመጡ ንስሮች ናቸው። ሁሉም የሚያቀኑት ወደ እኛ ነው። የእኛን ሰማይ የሚጠብቅ ቆጣሪ ግን እምብዛም አልነበረም፤ አገሩ በጦርነት ተይዟል።

1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ጥንብ አንሳዎች የመከራ ዘመን ነው። የሕንድ ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ረገፉ። ምክንያቱ እስከ 2004 ድረስ አልታወቀም። ዲክሎፌናክ ነው፤ ሰውም ለወገብ ሕመም የሚውጠው መድኃኒት። ለከብት ይሰጣል፤ ከብቱ ቢሞት ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይበላሻል፤ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ነጩም አልተረፈም። ሬሳው ሜዳ ላይ ሲቀር ውሻ በዛ፤ ከውሻ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ አደጋ ተከተለ። ሕንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይውል በ2006 አገደች። በማግስቱ ዓመት፣ በ2007፣ ነጩ ጥንብ አንሳ በዓለም አቀፉ መዝገብ ውስጥ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተጻፈ። በባልካን በ1980ዎቹ በመቶዎች ይቆጠሩ የነበሩት ጥንዶች በኋላ ወደ 50 ወርደዋል። የአልባኒያና የግሪክ እረኞች ኩኩ የምትባለዋን የጸደይ ወፍ በጀርባው አዝሎ ያመጣል ይሉ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሸለቆ ውስጥ ኩኩ ያለ ፈረስ ትመጣለች።

ምሥጢሩ የተገለጠው በዚህ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የቡልጋሪያና የግሪክ ተመራማሪዎች በወጣት ጥንብ አንሳዎች ጀርባ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ የጂፒኤስ መሣሪያ አሠሩ። ወፉ የት እንዳለ ሳተላይት ይነግራቸዋል። ካርታው ሲሣል አሳዛኙ ነገር ታየ። ከምሥራቅ ቡልጋሪያ የተነሡት በቱርክ ዞረው፣ በሶሪያና በሲና በረሃ አድርገው፣ በቀይ ባሕር ጠረፍ ወረዱ። ከምዕራብ በኩል የተነሡት ብዙዎቹ ወጣቶች ግን ፊታቸውን ወደ ደቡብ አድርገው በቀጥታ በረሩ፤ ከፊታቸው ሜዲትራኒያን ነበር። መሣሪያው ባሕሩ መካከል ላይ ዝም አለ። ድሮ ወጣቱ የጎልማሶችን መንጋ ተከትሎ መንገዱን ይማር ነበር፤ ጎልማሳው ሲያልቅ አስተማሪ አጣ።

ከባሕሩ የተረፉት ቻድ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ደረሱ። የኢትዮጵያና የቡልጋሪያ ባለሙያዎች ተከትለዋቸው አፋር ሲወርዱ፣ አመሻሽ ላይ በትልልቁ የኤሌክትሪክ ማማ ላይ ነጭ በነጭ ሆነው አገኟቸው። ሲደመሩ ከ1,000 በላይ ነበሩ፤ ለዚህ ወፍ በዓለም ላይ ከታወቁት ትልልቅ ስብስቦች አንዱ ነው። ባልካን ውስጥ አንድ ጥንድ ለማየት ሙሉ ቀን ገደል ሥር ለሚቀመጠው ቡልጋሪያዊ ምን እንደ ተሰማው አስቡት። የፖርት ሱዳኑ መስመርም ያኔ እንደገና ተፈተሸ፤ ሬሳው አሁንም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2014 በመጨረሻ ተቋረጠ። ከተዘረጋ 60 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

በነዚሁ ዓመታት ተመሳሳይ መሣሪያ በባሕርም ሥራ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ቫርቫራ የተባለች ግራጫ ዓሣ ነባሪ በሩሲያ ሳክሃሊን ደሴት አጠገብ መሣሪያ ተተከለባት። ሳይንቲስቶቹ ወደ እስያ ጠረፍ ትወርዳለች ብለው ሲጠብቁ ሰላማዊውን ውቅያኖስ አቋርጣ ሜክሲኮ ሄደች፤ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ወደሚወልዱበት ጠረፍ። ከዚያ ተመለሰች። ደርሶ መልሱ ከ22,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሩሲያ ናት የተባለችው የሜክሲኮም ሆነች። ነጩም ጥንብ አንሳ እንዲሁ ነው፤ ቡልጋሪያ የእኔ ነው ይላል፤ ዓመቱን ቢቆጥሩት ግማሹን የሚበላው የአፋር ግመልና የሐበሻ በሬ ነው። ወጣትነቱንማ ሙሉ ለሙሉ ያሳለፈው እዚህ ነው።

ቆሼ ግን የራሱ መከራ ነበረው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ቆሼ ሊያርፍ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ወራት ሳይቆይ ተዘግቶ መኪናው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ክምሩ ተናደ። ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከክምሩ አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ስለዚህ ሁሉ ሲጻፍ አሞራውን ማንሣት ነውር የሚመስለው ይኖራል። እኔ አይመስለኝም፤ ቆሼ የሰውም የአሞራም መተዳደሪያ ሆኖ ሳለ፣ ስለ አንዱ ሲወሰን ሌላው ጨርሶ አልታሰበም፤ ሰዉም ራሱ በቅጡ የታሰበው ከሞተ በኋላ ነው።

አሞራው በዚህ መካከል እየቀነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 ኢትዮጵያ ውስጥ ስድስት ቄራዎች ላይ ክትትል ያደረጉ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ2022 አሳትመዋል፦ ጆፌን የመሰሉት ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ውሻው በዝቷል። ሕንድ የሄደችበትን መንገድ እኛም ጀምረነዋል ማለት ነው፤ ዲክሎፌናክ ባይሆን በመርዝ፣ በሽቦና በጎጆ ማጣት። ለጅብ ወይም ለባለቤት አልባ ውሻ ተብሎ መርዝ የተነከረ ሥጋ የሚጥል ሰው ጅቡን ቢስተው አሞራውን አይስተውም፤ አንድ ሬሳ ላይ በደርዘን ይሰበሰባሉና። ከ2017 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ከባልካን እስከ ኢትዮጵያ 14 አገሮችን ያሰለፈ ፕሮጀክት ነጩን ጥንብ አንሳ ለማዳን ሠርቷል፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ነበረበት። አደገኛ ምሰሶዎች ላይ ሽቦውን በፕላስቲክ መሸፈን ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ዋጋው ከአዲስ መስመር ዝርጋታ ወጪ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ መስመሩ ሲዘረጋ አብሮ ቢሠራ ደግሞ ይበልጥ ይረክሳል። አገሪቱ በየገጠሩ ምሰሶ በምትተክልበት በዚህ ጊዜ መብራት ኃይል ይህን በዝርዝር መመዘኛው ውስጥ ቢያስገባው የፖርት ሱዳንን 60 ዓመት አንደግምም።

ኮልፌ ቀራንዮም ሆነ ሌላ ቦታ ያለህ አንባቢ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከአሞራዎቹ መካከል ነጣ ያለ፣ ፊቱ ቢጫ፣ የክንፉ ጠርዝ ጥቁር የሆነውን ፈልግ። ቡናማውንም አትናቀው፤ ወጣቱ እሱ ነው። እግሩ ላይ ቀለበት ካለ የቀለበቱን ቀለምና ቁጥር፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፍ፤ ከቻልህ ፎቶ አንሣ። ሞቶ ምሰሶ ሥር ብታገኘው የምሰሶውንም ፎቶ ጨምር። ለማኅበሩ አሳውቅ።